ከአሞሌ እስከ ዶላር፦ የምንዛሪው ልዩነት ለማን ደረሰ?

የአንድ አገር ገንዘብ ከሌላው አገር ገንዘብ ጋር የሚለዋወጥበት ዋጋ በባንክ ሰሌዳ ላይ በየዕለቱ የሚጻፍ ተራ አኃዝ መስሎ ይታያል። በመሠረቱ ግን ይህ አኃዝ አምራቹ ሕዝብ ላቡን አፍስሶ ካፈራው ሀብት ምን ያህሉን ሰጥቶ፣ ከውጭ የሚያስፈልገውን ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚያመለክት መለኪያ ነው። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዋጋ ገበያው ከሚከፍለው ዋጋ በተራራቀ ጊዜ በሁለቱ መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ይህ ልዩነት ባለቤት አልባ ሆኖ አይቀርም፤ ምንጊዜም አንዱ ወገን ይከፍለዋል፣ ሌላው ወገን ይወስደዋል። ስለሆነም የብርን የምንዛሪ ታሪክ በምንመረምርበት ጊዜ «ዶላር ስንት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ልዩነቱን ማን ከፈለ? ማንስ ወሰደው?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ጥያቄው የምሁራን የጠረጴዛ ክርክር አይደለም። በቁስቋም አካባቢ የሚኖር የቀን ሠራተኛ በዕድሜው ዶላር በእጁ ይዞ አያውቅ ይሆናል። ሆኖም ሚስቱ የምትገዛው የምግብ ዘይት፣ የሚሳፈርበት ባጃጅ የሚቀዳው ቤንዚን፣ ለታመመ ልጁ የሚታዘዝለት መድኃኒት፣ ዘመዱ በደምቢያ ማሳ ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። እርሱ ዶላርን ባያውቀውም ዶላር ግን እርሱን ያውቀዋል።

ጎንደር፦ የሁለት ገንዘቦች ገበያ

ለጎንደር ሕዝብ ምንዛሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማዪቱ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ዋና ከተማ ከሆነች ጀምሮ ከምፅዋ፣ ከስናርና ከጎጃም የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ባሠሩበት በ18ኛው መቶ ዘመን፣ እንዲሁም ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ደርሶ በዚያው በቁስቋም በተቀመጠበት ወቅት፣ ትልቁ ግብይት በወቄት በሚመዘን ወርቅ፣ የዕለት ተዕለቱ ደግሞ በአሞሌ ጨው ይካሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ገበያውን እየተቆጣጠረው ሄደ።

አሞሌው የሚቆረጠው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ነው። ከዚያ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል። በ16ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ አሞሌው ከተቆረጠበት ሥፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። ወቅቱም የራሱ ድርሻ ነበረው። በክረምት ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጣል፣ ጨውም ይሟሟል፤ በዚህ ጊዜ በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው አሞሌ ያንሳል። በጋ ሲሆንና ጭነቱ በብዛት ሲደርስ ደግሞ አሞሌው ይረክሳል። ይህንን ዋጋ የሚያውጅ ባንክ አልነበረም። ዋጋውን የሚወስነው በገበያው የደረሰው የጨውና የብር መጠን፣ የመንገዱ ርቀት፣ እንዲሁም በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ነበር። በአፋርና በጎንደር መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ሲራራ ነጋዴውና ቀራጩ ይካፈሉታል፤ እህሉን ለአሞሌ የሚለውጠው ገበሬ ይከፍለዋል።

ጠገራው ብር በበኩሉ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። እያንዳንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል የሚመዝንና 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ያለበት ስለነበር ዋጋው የሚመነጨው ከማዕድኑ ነው። ገበሬው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ፍሬዎች ሳይቆጥር አይቀበለውም ነበር። ይሁን እንጂ የማዕድኑ ዋጋ በጎንደር አይወሰንም፤ የሚወሰነው በለንደንና በሌሎች የአውሮፓ ገበያዎች ነበር። ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት ገንዘባቸውን በወርቅ ላይ ሲመሠርቱ የብር ማዕድን ዋጋ አሽቆለቆለ። ቀድሞ አንድ እጅ ወርቅ በ15 እጅ ተኩል ብር ይገኝ የነበረ ሲሆን፣ በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ከ30 እጅ በላይ ይጠይቅ ጀመር። ስለዚህ ቡናውንና ቆዳውን በጠገራ ብር ሸጦ፣ በወርቅ ዋጋ የተተመነ የፋብሪካ ጨርቅ የሚገዛው የአገራችን አምራች፣ በገዛ ገበያው ምንም ሳይለወጥ፣ ምንም አዋጅ ሳይነገር የመግዛት አቅሙ ተቀነሰበት።

ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የአገሪቱን የራሷን ገንዘብ ያወጁት በዚሁ ዘመን ነበር። አዲሱ ብር በፓሪስ ተመትቶ ከጠገራው ጋር እኩል እንዲሆን ቢደረግም የገጠሩ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ ጠገራውን መምረጡን አልተወም። ሕዝብ በገንዘብ ላይ ያለው እምነት በአንድ ጀንበር የሚገነባ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ደግሞ ተቃራኒውን በግልጽ አሳይቷል። ጎንደርን የአማራ ግዛት ብሎ ለሰየመው ክፍል መቀመጫ ያደረገው ወራሪ ኃይል የወረቀት ሊሬውን በአዋጅ አስገብቶ፣ በሊሬና በጠገራ መካከል ያለውን ምንዛሪም በአዋጅ ወሰነ። ገበሬውና ነጋዴው ግን ወረቀቱን በጥርጣሬ አይቶ ጠገራውን ደበቀ። የጠገራውን የመምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ አስቀድማ የወሰደችው ሮማም ሊሬዋን እናስከብራለን እያለች ራሷ የማርያ ቴሬዛን ብር እየመታች መጠቀም ግድ ሆነባት። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከፋሽስት እጅ ስትወጣ ሊሬው አብሮ ተሸነፈ። ጠመንጃ ሰውን ሊያስገድድ ይችላል፤ ምንዛሪን ግን ለረጅም ጊዜ አስገድዶ ሊያቆም አይችልም።

ከ2.48 ወደ 2.07

ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ለጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። አንዱ ብር በ2 ሽልንግ፣ አንዱ የአሜሪካ ዶላር ደግሞ በ2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ጀመር። ከአሜሪካ በተገኘ ማዕድን የተመታው የ50 ሳንቲም እውነተኛ ብር መሆኑ ጠገራን የለመደው ሕዝብ አዲሱን ወረቀት እንዲቀበል ረድቷል። በ1956 ዓ.ም. ምንዛሪው 2 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። አሜሪካ የዶላርን የወርቅ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1971 ማብቂያና በ1973 መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ስትቀንስ፣ አንድ ዶላር በመጀመሪያ ወደ 2.30፣ ቀጥሎም ወደ 2.07 ብር ወረደ። እዚህ ላይ መታለል አይገባም። በዚያ ጊዜ ብር በራሱ ጉልበት አልጠነከረም፤ ዝቅ ያለው ዶላር ነበር።

ከዚህ በኋላ ምንዛሪው በ2.07 ላይ ለ19 ዓመታት ያህል ተቸነከረ። በእነዚህ ዓመታት መንግሥት ተለወጠ፣ ጦርነት ተካሄደ፣ ድርቅ ደረሰ፣ የአገር ውስጥ ዋጋ ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ የቡናን የዓለም ዋጋ ይደግፍ የነበረው ዓለም አቀፍ የኮታ ስምምነት ፈረሰ። አኃዙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ያልተነቃነቀው ግን በሰሌዳው ላይ ብቻ ነው። በጥቁር ገበያ ዶላር ከይፋዊው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር።

ልዩነቱ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንመልከት። 100 ዶላር የሚያወጣ ቡና ወደ ውጭ ተላከ እንበል። በይፋዊው ምንዛሪ የሚገኘው 207 ብር ነው። ያው 100 ዶላር በገበያ 500 ብር የሚያወጣ ቢሆን በመካከል 293 ብር አለ። ይህንን 293 ብር የከፈለው ቡናውን ያመረተው ገበሬ ነው። የወሰደው ደግሞ ዶላሩን በ2.07 የማግኘት ፈቃድ ያለው ነው፤ ይኸውም አንዳንዴ መንግሥት ራሱ፣ አንዳንዴ ደግሞ ፈቃድ አግኝቶ ያስገባውን ዕቃ በገበያ ዋጋ የሚቸበችብ አየር በአየር ነጋዴ ነበር። ገበሬውም ቡናውን ወደ ድንበር ማሻገር ጀመረ። «ርካሽ ዶላር» ለሠራተኛው ርካሽ ዕቃ ያመጣል ተብሎ ይነገር ነበር፤ በተግባር ግን ዕቃው ከመደብሩ ጠፍቶ በጓሮ በር በውድ ይሸጥ ነበር።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ

መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ዋጋ ከ2.07 ወደ 5 ብር ከፍ አለ። እዚህ ላይ የቀበሌ ስብሰባዎችን ሳይቀር ሲያጨቃጭቅ የኖረ የሂሳብ ጉዳይ አለ። ዶላር በ141.5 በመቶ ተወደደ ማለት ትክክል ነው። ብር በ58.6 በመቶ ረከሰ ማለትም ትክክል ነው። ሁለቱ አኃዞች የአንዱ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ጉዳቱን ማሳነስ የፈለገ ትንሹን፣ ማጋነን የፈለገ ትልቁን ይመርጣል። አንባቢ መጠየቅ ያለበት መቶኛው ከየትኛው ወገን እንደተሰላ ነው።

በዚያው ዓመት የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ተጀመረ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች እርስ በርስ በየዕለቱ የሚገበያዩበት አሠራር ተከተለ። ብር ቀስ እያለ ወርዶ ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ከ13.63 ወደ 16.35፣ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከ23.4 ገደማ ወደ 26.9 ገደማ ተሻገረ። ያም ሆኖ ልዩነቱ እንደገና ሰፋ። አስመጪው ለወራት በባንክ ወረፋ ይጠብቅ ጀመር፤ ወረፋ ባለበት ደግሞ ወረፋን የሚያሳጥር እጅ አይጠፋም።

በእኛ አካባቢ ይህ ነገር በሰሊጥ ታየ። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚላክበት ዋና ዓላማ ትርፍ መሆኑ ቀረ። አንዳንድ ላኪዎች በዓለም ገበያ ከሚያገኙት በላይ ከፍለው ሰሊጥና ቡና ይገዙ ጀመር። በከሰሩበት ሽያጭ ያገኙትን ዶላር ብረት፣ መኪና ወይም ሌላ ሸቀጥ አስገብተው በእጥፍ በመሸጥ ኪሳራቸውን አካክሰው ያተርፉ ነበር። ላኪው ከሰረ ተብሎ ተነገረ፤ ኪሳራውን የከፈለው ግን ቆርቆሮና ሚስማር የገዛው የከተማ ነዋሪ ነው።

የሁለት እስያ አገሮች ንጽጽር

«ችግሩ የአኃዙ አያያዝ ነው፤ ይቸንከር» የሚሉ አሉ። «ይለቀቅ» የሚሉም አሉ። በዚህ ረገድ ሁለቱም መንገዶች ጎን ለጎን የተሞከሩበትን የደቡብ ምሥራቅ እስያን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. እስከ 1997 አጋማሽ ድረስ አንድ ዶላር በታይላንድ 25 ባህት ገደማ፣ በማሌዥያ 2.50 ሪንጊት ገደማ ነበር። ይህ ማለት አንድ ሪንጊት 10 ባህት ያወጣ ነበር። ታይላንድ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር መግቢያ ላይ ባህትን ለቀቀችው፤ በጥር 1998 ዶላር ከ50 ባህት በላይ ተሸጠ። ሪንጊትም ተናግቶ ዶላር ከ4 ሪንጊት አለፈ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ጎረቤቶች መንገዳቸው ተለያየ። ማሌዥያ በመስከረም 1998 ሪንጊትን በ3.80 ላይ ቸነከረች፤ ከአገር የሚወጣውን ገንዘብም ገደበች፤ ይህም እስከ ሐምሌ 2005 ቆየ። ታይላንድ ግን ባህትን እንደተለቀቀ ተወችው። በ2000 ዶላር በታይላንድ ወደ 40 ባህት ገደማ ነበር። በዚህ ስሌት አንዱ ሪንጊት እንደገና 10 ባህት ገደማ አወጣ። በቀጣዮቹ ዓመታትም በአመዛኙ በ10 እና በ12 መካከል ሲመላለስ ቆየ።

አንዱ ቸነከረ፣ ሌላው ለቀቀ፤ እርስ በርስ ሲመዘኑ ግን ወደ ቀድሞው ቦታቸው ተመለሱ። ምክንያቱም ሁለቱም ከዘይትና ከሩዝ እስከ ጎማና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ድረስ ለዓለም የሚሸጡት ነገር ነበራቸው። አያያዙ ጭነቱ መቼና በማን ላይ እንደሚወድቅ ይወስናል፤ በባንኮክ ከሥራ የተባረረው የግንባታ ሠራተኛ ወደ ገጠር ሲመለስ ይህንን በሚገባ አይቶታል። ገንዘቡን በዘላቂነት የሚያቆመው ግን ምርቱ ነው።

ሐምሌ 2016 ምን ለወጠ?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። በዚያው ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ4 ዓመት የሚለቀቅ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በዋዜማው 57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ተባለ፤ ከሳምንታት በኋላ 100 ብርን አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከ130 ብር በላይ ሆነ። በ2.07 ዘመን አንድ ዶላር ይገዛ የነበረው ገንዘብ ዛሬ አንድ ስልሳኛውን እንኳ አይገዛም።

የዚህ እርምጃ ውጤት በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም። ከጥቅሙ እንጀምር። በ2016 በጀት ዓመት ለብሔራዊ ባንክ የቀረበው ወርቅ 4 ቶን ገደማ ነበር፤ በ2017 በጀት ዓመት ከ30 ቶን በላይ ቀረበ። በዓለም ላይ የወርቅ ዋጋ መናሩ አስተዋጽኦ ቢኖረውም፣ መሬቱም ቆፋሪውም በአንድ ዓመት አልተለወጡም። የተለወጠው ዋናው ነገር በድንበር ይሾልክ የነበረው ወርቅ በሕጋዊው በር ተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘቱ ነው። በ2015 በጀት ዓመት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የሸቀጥ ወጪ ንግድም በ2017 ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ልዩነቱ ሲጠብ አምራቹ ድርሻውን እንደሚያገኝ ይህ ማስረጃ ነው።

ጉዳቱን መሸሸግ ደግሞ ሕዝብን መናቅ ነው። ለላኪው የተከፈተው በር ለደመወዝተኛው ጠባብ ሆኗል። መንግሥት ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ድጎማ እንደሚያደርግ አስታወቀ፤ የመንግሥት ሠራተኛውን ዝቅተኛ ደመወዝም በመጀመሪያ ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አደረገ። በግል ድርጅት የሚሠራው ግን ይህ አዋጅ አይመለከተውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ለዓመታት ሳይወሰን ቆይቷል። በቀድሞው ዘመን ልዩነቱን በዋናነት የከፈለው ገበሬው ሲሆን፣ በአዲሱ አሠራር ትልቁ ሸክም በቁርጥ ደመወዝ በሚኖረው ላይ ወድቋል።

ልዩነቱም ጨርሶ አልጠፋም። ብሔራዊ ባንክ በየካቲት 2017 ዓ.ም. 60 ሚሊዮን ዶላር ለጨረታ ሲያቀርብ ባንኮች በአማካይ 135 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ከፍለዋል፤ በሰሌዳቸው ላይ የነበረው ዋጋ ግን ከዚህ ያነሰ ነበር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት የመተማን ንግድ አውኳል። በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ሰሊጡ በመጋዘን ይቀመጣል፣ ማዳበሪያውም ለዘር ወቅት አይደርስም። ወንዝ ሞልቶ አሞሌው በመንገድ በሚቀርበት በጥንቱ ክረምት ይታይ የነበረው ነገር መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ፤ ያልደረሰ ጭነት ምንዛሪን ያናጋል።

ምን እናድርግ?

ምንዛሪን የቀበሌ ነዋሪ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ አይወስነውም። ነገር ግን ሊከታተለውና ሊጠይቅበት ይችላል። እድሮች፣ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት በአንድ ተራ ደብተር በየወሩ መጀመሪያ አራት አኃዞችን ቢመዘግቡ ጉዳዩ ከሐሜት ወጥቶ በእጃቸው ይገባል። አንደኛ፣ ባንክ ዶላርን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ፤ ሁለተኛ፣ በብሔራዊ ባንክ ጨረታ የተገኘው አማካይ ዋጋ፤ ሦስተኛ፣ የአንድ ሊትር ዘይት፣ የአንድ ሊትር ቤንዚንና የአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ፤ አራተኛ፣ የአንድ ቀን ደመወዝ ከእነዚህ ዕቃዎች ምን ያህሉን እንደሚገዛ።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው አኃዝ ሲራራቁ በመካከል የሚበላ ወገን መኖሩን ይናገራሉ። ዶላሩ ሳይጨምር የዘይቱ ዋጋ ከጨመረ ምክንያቱ ምንዛሪ ሳይሆን ምንዛሪን ሰበብ ያደረገ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ የሸማቾች ማኅበሩ ማስረጃውን ይዞ ለንግድ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላል። አራተኛው አኃዝ እየቀነሰ ከሄደ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበሩ በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ «ኑሮ ተወደደ» ከማለት ይልቅ ወሩን፣ ቀኑንና አኃዙን ጠርቶ ደመወዝ እንዲስተካከል መጠየቅ ይችላል።

ጠገራውን ሳይመረምር የማይቀበለው የጎንደር ገበሬ መጽሐፍ አንብቦ አይደለም እንደዚያ ያደረገው። በእጁ የገባው ገንዘብ ላቡ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። የዛሬው ሠራተኛና የቀበሌ ነዋሪም በሰሌዳ የተጻፈውን አኃዝ በዚያው ዓይን ሊመረምረው ይገባል። ሰሌዳው የሚናገረውና ገበያው የሚናገረው ሲለያዩ ዝም ብሎ ማለፍ ልዩነቱን ለሌላ ማስረከብ ማለት ነው።